ግማሽ ቃል የነፈገ ልጅ

አንድ ሰው ነበረ፣ የሰውን ልጅ ከጽንስ እስከ እርጅና የሚያጠና። ፈትለወርቅ፣ መርሳት የጀመሩትን እናትሽን ለሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍሽ ላጥናቸው ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ መምህርሽ የምመልስልሽ በዚህ ሰው ታሪክ ነው።

ሰውየው ሕፃን ሳለ አፉን ቶሎ አልፈታም። ቃል ሲጠፋው አባቱ ጎንበስ ብለው ግማሹን ይሉለታል፣ ቀሪውን እሱ ይጨርሳል። «ዳ» ይሉታል፣ «ቦ» ይላል። መናገር የለመደው እንዲህ ነው።

አደገ፣ ተማረ። ሕፃን መቼ እንደሚድህ፣ ጎረምሳ ለምን እንደሚያኮርፍ፣ ሽማግሌ መጀመሪያ ምን እንደሚረሳ አወቀ። ለዲግሪው የሚያጠናው ሽማግሌ ሲፈልግ የገዛ አባቱ መርሳት ጀመሩ። አዘነ፤ ግን ደስም አለው። የሰው ደጅ መጥናት ቀረለት።

በአጥኚዎች ሙያ አንድ ሕግ አለ፤ ጠያቂ አይጠቁምም። ከጠቆመ መልሱ የሽማግሌው መሆኑ ይቀራል፣ ጥናቱም ይበላሻል። ስለዚህ በየሳምንቱ አባቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ እንደ ባዳ ይጠይቃቸዋል። ዛሬ ቀኑ ማን ነው? የልጅዎ ስም ማን ነው?

አንድ ቀን ስሙ ጠፋባቸው። ዓይን ዓይኑን አዩት። የመጀመሪያዋን ፊደል ቢልላቸው ይበቃ ነበር።

«እሱን እኮ አውቀዋለሁ» አሉ። «እስቲ ትንሽ እርዳኝ።»

«ጊዜ ወስደው ያስቡ» አላቸው ልጁ።

አባትየው አፈሩ፤ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ በኋላ እርዳኝ ብለውት አያውቁም።

ጥናቱ አለቀ፣ ተጨበጨበለት። የምረቃ ካባውን እንደለበሰ ወደ ቤት ሮጠ፤ እግራቸው ሥር ተንበርክኮ «አባባ፣ እኔ ነኝ፣ ልጅዎ» አላቸው።

ሽማግሌው ወንበራቸውን አስተካከሉ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ለጥያቄ ተዘጋጁ፤ ከዚያ ደከማቸው።

«ጌታው፣ ዛሬስ ይተዉኝ» አሉት። «ልጄ ሲመጣ ይመልስልዎታል። እሱ የተማረ ነው።»

እሱኑ እንደጠበቁ ሞቱ።

ፈትለወርቅ፣ ያ ጠያቂ አንቺ ነሽ፤ እኚያ አባት እናትሽ ናቸው። ላጽናናሽ አልችልም። ብታጠኚያቸውም ባታጠኚያቸውም ይረሱሻል፤ ይህን ሁሉ ዘመን አስተምሬ ለዚህ መላ አላገኘሁም። ሌላ እናት ፈልጊም አልልሽም፤ እሷም ልጇን ትጠብቃለች። አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ። ስምሽ ሲጠፋቸው «ፈትለ» በያቸው። ጨርሰው ይሉት ይሆናል። አንድ ቀን ደግሞ አይሉትም። ያን ቀን አንቺው ጨርሺላቸው።