ገብስማ ጣሪያ ያገኘች ዕለት

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። የምነግራችሁ ነገር ሰንሰለት ነው፤ አንዱን ቀለበት የዘነጋ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ እኔም አልምርም።

በአንዲት ከተማ ዳር እትዬ ትሁኔ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ልጆቻቸው ተድረው ርቀው ሄደዋል፤ ቤት የቀረቻቸው ገብስማ የምትባል ዶሮ ብቻ ናት። ሲመሽ የሚያወሩት ከእሷ ጋር ነው። «መሸብን እኮ» ሲሏት «ቋቅ» ትላለች። ለእትዬ ትሁኔ ይኼ በቂ መልስ ነው፤ ልጆቻቸውም በስልክ ከዚያ የበለጠ አይሏቸውም።

ክረምት ሊገባ ሲል ገብስማ ጓሮ ጥግ ባለች አሮጌ ቅርጫት ውስጥ እንቁላሎቿን ታቀፈች። የታቀፈች ዶሮ ደግሞ ከቦታዋ አትነሣም፤ ካነሷት ተቀይማ እንቁላሉን ጥላ ትሄዳለች። ዝናብ ከመታው እንቁላሉ ይበላሻል፣ ጫጩት የሚባል ነገርም አይኖርም። ስለዚህ እትዬ ትሁኔ አንድ ነገር ፈለጉ፤ ከገብስማ ራስ በላይ የምትሆን ትንሽ ጣሪያ።

ትንሽ ጣሪያ ምን ያስቸግራል ትሉ ይሆናል። ያስቸገረው ስብሰባው ነው። አምና እትዬ ትሁኔ ማንንም ሳይጠይቁ የቀለሷት የዶሮ ቤት ፈቃድ የላትም ተብላ ፈርሳባቸዋለች። ዘንድሮ ደግሞ የከተማው ሰዎች መጥተው ሰፈሩን ሜዳ ላይ ሰበሰቡና አዲሱን የግንባታ ደንብ አነበቡ። የደንቡ የመጀመሪያ ክፍል «ትርጓሜ» ይባላል፤ እያንዳንዱ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ይናገራል። ንባቡ ከጠዋት እስከ ቀትር ቆየ፣ ሰዉም አንቀላፋ። ሜዳው ዳር የነበሩት ቆርቆሮና ጭቃ፣ ድንጋይና ችካል፣ መሬቱም ራሱ፣ ሌላ የሚሄዱበት ስላልነበራቸው አንድም ቃል ሳያመልጣቸው ሰሙ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኩራታቸው አይጣል ነው።

እትዬ ትሁኔ ወደ ቆርቆሮ ሄዱ። «ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮ፣ ናና ገብስማን ክደንልኝ።»

ቆርቆሮ ተንኳኳና «እንዴት ተደርጎ!» አለ። «ጣሪያ ማለት በግድግዳ ላይ ያረፈ ክዳን ነው ይላል ደንቡ። ግድግዳ ከሌለ እኔ ጣሪያ አይደለሁም፣ ወድቆ የተገኘ ቆርቆሮ ነኝ። አልከድንም።»

ደመናውም ከተራራው ላይ «መጣሁ፣ መጣሁ» አለ።

እትዬ ትሁኔ ወደ ጭቃ ሄዱ። «ጭቃ፣ ጭቃ፣ ተነሥና ግድግዳ ሁንልኝ። ቆርቆሮ አልከድንም አለ፣ ገብስማም ጣሪያ አጣች።»

ጭቃ ከነጭዱ እንደ ተቦካ ተኝቶ ነበር። ዓይኑን እንኳ ሳይገልጥ «ግድግዳ ማለት ከመሠረት ተነሥቶ ጣሪያ የሚሸከም ነው» አለ። «መሠረት ከሌለ እኔ ክምር ጭቃ ነኝ፤ ክምርነቴም ተመችቶኛል። አልቆምም።»

ደመናውም ወደ ወንዙ ወረደና «መጣሁ፣ መጣሁ» አለ።

እትዬ ትሁኔ ወደ ድንጋይ ሄዱ። «ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ መሠረት ሁንልኝ። ጭቃ አልቆምም አለ፣ ቆርቆሮ አልከድንም አለ፣ ገብስማም ጣሪያ አጣች።»

ድንጋይ ቶሎ አይመልስም። አስቦ፣ አስቦ፣ «መሠረት ማለት በይዞታ ውስጥ ተቆፍሮ የተጣለ ነው» አለ። «ያልተቆፈረ መሬት ላይ ከተቀመጥኩ ሰው የሚያደናቅፍ ድንጋይ ነኝ። ስድብም እጠግባለሁ። አልጣልም።»

እትዬ ትሁኔ ወደ መሬት ጎንበስ አሉ። «መሬት፣ መሬት፣ እባክህ ተቆፈርልኝ። ድንጋይ አልጣልም አለ፣ ጭቃ አልቆምም አለ፣ ቆርቆሮ አልከድንም አለ፣ ገብስማም ጣሪያ አጣች።»

«ልቆፈርስ ፈቃደኛ ነበርኩ» አለ መሬት፣ ከሁሉም እሱ ትሑት ነው። «ግን ይዞታ ማለት ወሰኑ ተለይቶ የታወቀ መሬት ነው። አሁን እኔ የእርስዎ ጓሮ ልሁን የጋሽ መርዕድ ጓሮ በምን አውቃለሁ? ራሴን ሳላውቅ አልቆፈርም።»

ደመናው የከተማውን ዳር አለፈና «መጣሁ፣ መጣሁ» አለ። ገብስማ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው፣ ላባዋንም ነፋ አድርጋ እንቁላሎቿን ይበልጥ ሸፈነች።

እትዬ ትሁኔ ይኼን አይተው ወደ ችካል ሮጡ። «ችካል፣ ችካል፣ ወሰኑ ላይ ተተከልልኝ። መሬት አልቆፈርም አለ፣ ድንጋይ አልጣልም አለ፣ ጭቃ አልቆምም አለ፣ ቆርቆሮ አልከድንም አለ፣ ገብስማም ጣሪያ አጣች።»

ችካል ቀጭን ነው፣ ነገሩም ቀጭን ነው። «ወሰን ማለት ሁለት ጎረቤቶች አብረው ቆመው የተስማሙበት መስመር ነው። አንድ ሰው ብቻውን ከተከለኝ የፍየል ማሰሪያ ነኝ። አልተከልም።»

እዚህ ላይ እትዬ ትሁኔ ቆም አሉ። እስካሁን የለመኑት ግዑዝ ነገር ነበር፤ ቀጥሎ ያለው ግን ሰው ነው፣ ያውም የተኳረፉት ሰው። ጋሽ መርዕድ ጓሮ ለጓሮ የሚጎራበቷቸው ጡረተኛ ናቸው። አምና ክረምት የጋሽ መርዕድ አሸንዳ የጣሪያውን ውሃ ሁሉ እትዬ ትሁኔ ጎመን ላይ ደፋው። እትዬ ትሁኔ «አውቀው ነው» አሉ። ጋሽ መርዕድ «እኔን? እኔን እንዲህ?» አሉ። ጨው ይበዳደሩ የነበሩ ጎረቤቶች ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም፤ ሁለቱም ግን ሌላው በር ሲከፍት ጆሯቸውን ያቆማሉ።

ለራሳቸው ቢሆን እትዬ ትሁኔ አይሄዱም ነበር። ለገብስማ ብለው ሄዱ። «ጋሽ መርዕድ፣ ወሰኑ ላይ አብረውኝ ይቁሙ። ችካል አልተከልም አለ፣ መሬት አልቆፈርም አለ፣ ድንጋይ አልጣልም አለ፣ ጭቃ አልቆምም አለ፣ ቆርቆሮ አልከድንም አለ፣ ገብስማም ጣሪያ አጣች።»

ጋሽ መርዕድ በመስኮት ግማሽ ፊታቸውን ብቻ አሳዩ። «ከእርስዎ ጋር ብቻዬን ቆሜ ነገ ‹ወሰኔን ገፋብኝ› ሊሉኝ ነው? ሰፈሩ ተሰብስቦ ካላየ ከደጄ አልወጣም» አሉና መስኮቱን ዘጉ። ከዘጉ በኋላ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ቆመው ቀሩ።

እትዬ ትሁኔ በየደጁ ዞሩ። «ጎረቤቶቼ፣ ኑልኝ። ጋሽ መርዕድ አልወጣም አሉ፣ ችካል አልተከልም አለ፣ መሬት አልቆፈርም አለ፣ ድንጋይ አልጣልም አለ፣ ጭቃ አልቆምም አለ፣ ቆርቆሮ አልከድንም አለ፣ ገብስማም ጣሪያ አጣች።»

አንዷ «ልብስ ዘፍዝፌያለሁ» አለች። አንዱ «እግሬን ይዞኛል፣ አንድ እርምጃ አልራመድም» አለ። ሌሎቹም «እትዬ ትሁኔ፣ ለሐዘን ይሁን ለሰርግ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ስናይ ሳንጠራ እንመጣለን። ለአንድ ዶሮ ብለን ግን ሥራ አንፈታም» አሏቸው።

በዚህ ጊዜ የመጀመሪያዋ ጠብታ እትዬ ትሁኔ አፍንጫ ላይ አረፈች። ደመናው አሁን «መጣሁ» አላለም። መጥቷል።

የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ያዥ እትዬ ትሁኔ ራሳቸው ነበሩ። ሰው ምን ይለኛል ብለው ሳያስቡ በሩን በረገዱት። ድንኳኑ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ያንኮራፋል። እትዬ ትሁኔ እንባና ዝናብ እየተቀላቀለባቸው፣ እናንተም ትንፋሽ ያዙልኝ፣ በአንድ አፍ ለቀቁት። «ድንኳን፣ ድንኳን፣ ተነሥልኝ! ሰፈርተኛ አልመጣም አለ፣ ጋሽ መርዕድ አልወጣም አሉ፣ ችካል አልተከልም አለ፣ መሬት አልቆፈርም አለ፣ ድንጋይ አልጣልም አለ፣ ጭቃ አልቆምም አለ፣ ቆርቆሮ አልከድንም አለ፣ ገብስማም ጣሪያ አጣች! በል አንተም ንገረኝ፣ የአንተስ ትርጓሜ ምንድን ነው?»

ድንኳኑ አዛጋ። «ትርጓሜ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ስብሰባው ቀን አልነበርክም እንዴ?»

«ማን ጠርቶኝ! እዚሁ ተጠቅልዬ ተኝቼ ነበር። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ዝናብ አለ?»

«አለ።»

«ከሥሬ የሚቀመጥስ አለ?»

«አለች፣ ገብስማ።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» ብሎ ድንኳኑ ተነሣ። ካስማውና ገመዱም ተከትለውት ወጡ። ጓሮ ደርሶ ክንፉን ከዳር እስከ ዳር ዘረጋና ለሰርግ የተሠራ ድንኳን አንዲት ዶሮ ላይ ተተከለ። ዝናቡ ያን ጊዜ ዷ ብሎ ወረደ። ገብስማ ላይ አንዲት ጠብታ አልደረሰችም። እትዬ ትሁኔ ከሥሩ ገብተው ቅርጫቷ አጠገብ ቁጭ አሉ።

አሁን ጋሽ መርዕድን እዩልኝ። በመጋረጃው ቀዳዳ ሲመለከቱ የእድሩን ድንኳን እትዬ ትሁኔ ግቢ ውስጥ አዩ። ሰርግ እንዳይሉ የሚዳር የለም። ሐዘን ከሆነ ደግሞ እዚያ ግቢ ከእትዬ ትሁኔ በቀር ሰው የለም። ጋሽ መርዕድ በአንድ እግር ጫማ በዝናቡ ወጡ። «እትዬ ትሁኔን! ሳንታረቅ! እህቴን! አሸንዳዬን ባዞርኩት ኖሮ ምን ይጎድልብኝ ነበር!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ጩኸቱን የሰማ ሰፈር ነጠላውን አዘቅዝቆ ጎረፈ። ልብስ የዘፈዘፈችው ከነአረፋዋ መጣች። እግሬን ይዞኛል ያለው ሰውዬ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ።

እትዬ ትሁኔ ከድንኳኑ ብቅ አሉ። «ቀስ በሉ እንጂ፣ ዶሮዋን ታስደነግጣላችሁ!»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ጋሽ መርዕድ ጠጋ ብለው አዩዋቸው። «አሉ እንዴ?»

«አለሁ እኮ።»

ያን ጊዜ ጋሽ መርዕድ ቅድም ካለቀሱት የበለጠ አለቀሱ። «እንኳን አሉልኝ፣ እንኳን አሉልኝ» ከማለት ሌላ ቃል አላገኙም። እትዬ ትሁኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሞቼ ስቀበር የሚያለቅስልኝ ዶሮዬ ብቻ ናት ብለው ያስቡ ነበር። «ጎመኑም እኮ መልሶ በቅሏል፣ ጋሽዬ» አሉና ተቃቀፉ። የተቃቀፉት ልክ በሁለቱ ጓሮ መካከል ነው፤ ሰፈርተኛውም ዙሪያውን ቆሞ ያያል።

ችካል ይኼን ሲያይ «ይኸው ሁለት ጎረቤት፣ ይኸው ስምምነት!» ብሎ ዘሎ እግራቸው ሥር ተተከለ። ችካል ሲተከል መሬት ራሱን አወቀና ተቆፈረ። መሬት ሲቆፈር ድንጋይ ተጣለ፣ ድንጋይ ሲጣል ጭቃ ቆመ፣ ጭቃ ሲቆም ቆርቆሮ እየተንኳኳ ወጥቶ ከደነ። ገብስማም ከእንቁላሎቿ ንቅንቅ ሳትል ባለ ጣሪያ ሆነች። ጋሽ መርዕድ በዚያው መሰላል አምጥተው አሸንዳቸውን ወደ መንገዱ ቦይ አዞሩት። የከተማው ሰዎችም መጥተው አዩ፤ ከትርጓሜው አንድም የጎደለ ስላላገኙ ፈቃዱን ሰጡ። ስለ ድንኳኑ ግን ደንቡን ቢያገላብጡ ምንም የተጻፈ ነገር አጡ።

ድንኳኑ ወደ እንቅልፉ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። እትዬ ትሁኔ መሸብን ሲሉ አሁን የሚመልሱላቸው ብዙ ናቸው፤ ከችካሉ ማዶም ጋሽ መርዕድ «አዎ፣ መሸ» ይላሉ።

የእኔ ሰንሰለት እዚህ ላይ አለቀ፤ ዝናብ ሳይዛችሁ ወደየቤታችሁ ግቡ። በዚያ ሰፈር ካለፋችሁ ደግሞ ችካሉ ዛሬም ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ ታዩታላችሁ። ጫጩቶቹ ጠዋት እትዬ ትሁኔ ጓሮ ይለቅማሉ፣ ከሰዓት ጋሽ መርዕድ ጓሮ ያንቀላፋሉ። ስብሰባው ላይ አልነበሩም።