የኩሬዋ ጢንዚዛና የቢንቢ ለቅሶ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ከአንድ ኩሬ በሚጠጡበት ቆላ፣ አንዲት ጠላቂ ጢንዚዛ ብቻዋን ትኖር ነበር። ውሃ ውስጥ ጠልቃ የቢንቢ እጭ እያደነች ትበላለች። አየር ልትስብ ብቅ ስትል ሊጠጣ የመጣውን ሁሉ «እንደምን አደራችሁ?» ትላለች። የሚመልስላት ግን የለም። ጥቁርና ትንሽ፣ ጭቃ ውስጥ የምትውል ፍጡር ማን ቁም ነገር ብሎ ያያታል? ብቸኝነቱ ይከብዳት ነበር።

አንድ ቀን ቢንቢ ክንፏን እንደ ነጠላ ዘቅዝቃ እያለቀሰች መጣች።

«ልጆቼን! ያቺ ጥቁር በላችብኝ!»

በዚያ አገር ለቅሶ ከተሰማ መድረስ ነው እንጂ አልቃሿ ማን ናት ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። አህያ አብራ አነባች። አያ ጅቦም ከሁሉ ቀድሞ ተቀመጠና «ሬሳው የታለ?» እያለ ሁለት ጊዜ ጠየቀ።

ዳኛዋ ቀበሮ ነበረች። ቢንቢ አስቀድማ «አንቺን አንነካሽም» ብላ በጆሮዋ ሹክ ብላታለች።

«የጎረቤት ልጅ በልተሻል?» አለች ቀበሮ።

«በልቻለሁ ዳኛዬ። ባልበላቸው ግን አድገው እናንተን...»

«አምናለች፤ በቃ! ከኩሬያችን ትውጣ!»

ጢንዚዛ የሚሟገትላት ዘመድ አልነበራትም። ክንፏን ዘርግታ በረረች። «ደህና ሁኚ» ያላት እንኳ አልነበረም።

ወር ሳይሞላ ኩሬው በቢንቢ ጠቆረ። ቀበሮ ጆሮዋን ስታክ ትውላለች፤ ቢንቢ መቼ ቃሏን ጠብቃ! የአህያ ውርንጭላ ግን በትኩሳት ወደቀ። እናቱ ግማሽ ቀን ተጉዛ ጢንዚዛን አንድ ረግረግ ውስጥ አገኘቻት።

«እህቴ፣ በድለንሻል። ልጄ ሊሞትብኝ ነው፤ እባክሽ ተመለሺ።»

«እመለሳለሁ እትዬ አህያ። ካሳ አልፈልግም። ጠዋት ስትመጡ ብቻ ሰላም በሉኝ።»

«ይኼማ ምን ችግር አለው! በልጄ እምላለሁ።»

ጢንዚዛ ተመለሰችና እጩን አንድ በአንድ ለቀመችው። ውርንጭላውም ዳነ። ለጥቂት ቀናት እንስሳቱ እየተሽቀዳደሙ «እንደምን አደርሽ?» አሏት፤ ደስታዋ ወደር አልነበረውም። ቢንቢው እየጠፋ ሲሄድ ግን ሰላምታውም አብሮ ጠፋ።

አንድ ጠዋት አህያ ከዳነው ልጇ ጋር መጣች። ጢንዚዛ ብቅ ብላ «እንደምን አደራችሁ?» አለች። አህያ ጠጥታ ጠገበች፤ ጆሮዋን አራገፈችና ልጇን አስከትላ ሄደች። ጢንዚዛም ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ አየሯን ስባ ወደ ሥራዋ ጠለቀች።

ከዚህ የምንማረው ክፉ ቀን ያራቀልንን ጎረቤት ክፉው ቀን ካለፈ በኋላም ደጁን መርገጥ እንዳለብን ነው።