ፍሪሲዮን ሁሉ ይድረቅ የተባለ ጊዜ

አንድ ቀን በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ ስሟን ልተወውና፣ ጤና ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ መካኒኩ አንዳርጌ ከሥራ ሊባረር ተከሶ ቆመ። አንዳርጌ ዝምተኛ ነው፤ እጁ ግን አይቦዝንም። ክትባት ወደ ገጠር የሚያደርሱትን ሞተር ሳይክሎች ሲጠግን አሥራ አንድ ዓመት የኖረ፣ ማታ ቤቱ ሲገባ አምስት ልጅ እጁን የሚያየው ሰው ነው፤ እንጀራው ይቺው ናት።

የከሰሰው ቢያድግልኝ የሚባለው የንብረት ኃላፊ ነው። ለሦስት ቀን ሥልጠና ሄዶ ሰርተፍኬት ይዞ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! የሠለጠነው በስኩተር ነው፤ ያቺ እግር ገጥመው የሚቀመጡባት ትንሿ ሞተር የለችም? የእሷ ፍሪሲዮን ደረቅ ነው፤ ዘይት ከነካው ተንሸራቶ ዋጋ ያጣል። ፍሪሲዮን ማለት እንግዲህ ሞተሩንና ጎማውን አንዴ የሚያያይዝ፣ አንዴ የሚያለያይ ነገር ነው አሉኝ፤ እንደ ባልና ሚስት ሽማግሌ በሉት። የትልልቆቹ የገጠር ሞተሮች ግን ፍሪሲዮናቸው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚኖር፤ ዘይቱ ያቀዘቅዘዋል፣ ካጣው ይቃጠላል። ይቺን ሥልጠናው ላይ አልነገሩትም፤ እሱም አልጠየቀ። ገና ከመምጣቱ «ከዛሬ ጀምሮ ፍሪሲዮን ሁሉ ይድረቅ» ብሎ ጻፈ፤ ማኅተም አሳርፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

አንዳርጌ አነበበው፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ።

በሳምንቱ ቢያድግልኝ ለቁጥጥር ብሎ የአንዱን ሞተር ሳይክል ክዳን ሲፈታ ዘይቱ ሱሪው ላይ ተዘረገፈ። የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ ሲስተር የሺመቤትን አስጠራ፤ ሠራተኛውም ተከትሏት ወጣ። ቢያድግልኝ የአንዳርጌን የስንብት ደብዳቤ አስጽፎ ይዞ ነበር፤ የቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ።

«ይዩልኝ ሲስተር! የመንግሥት ንብረት በዘይት ዘፍዝፎት!»

«እውነት ነው አንዳርጌ?» አለች።

«እውነት ነው ሲስተር። ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው።»

«ሰማችሁ? በገዛ አፉ አመነ!»

«እስከ ዛሬስ ሲሠራ አልነበረም እንዴ?» አለች ሲስተር፤ ክትባቱ በረዶ ሳጥን ውስጥ ሆኖ በር ላይ ይጠብቃታል።

«በእግዜር ቸርነት ነው እንጂ!» አለና ቢያድግልኝ ጀመረ። ስለ ሰበቃ ተናገረ። ስለ ሥልጠናው ተናገረ። አሠልጣኙ ማን እንደሆነ፣ የአሠልጣኙ አሠልጣኝ ደግሞ የት አገር እንደተማረ ተናገረ። ዘበኛው ቆሞ መስማት ቢደክመው ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ። ቢያድግልኝ አሁንም አልጨረሰም፤ ወደ አንዳርጌ ዞሮ፣

«ወይ አሁኑኑ በጨርቅ ጥርግ አድርገህ አድርቀው፣ ወይ ደብዳቤህን ተቀበል! ለመሆኑ የረጠበ ነገር ሥራ ሲሠራ የት አይተሃል?» አለው።

አንዳርጌ ከኪሱ አንድ ንጹሕ ጨርቅ አወጣ። አራገፈው፤ አጠፈው፤ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አቀረበለት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጨርቅ ነው ጌታዬ። እስቲ ምላስዎን ጥርግ አድርገው ያድርቁና፣ አሁን ያሉትን ይድገሙልኝ።»

ሲስተር የሺመቤት አልሳቀችም። ደብዳቤውን ሳትፈርም አጣጥፋ ለቢያድግልኝ መለሰችለትና፣ «አንዳርጌ፣ የፈሰሰውን ዘይት ተካና ክትባቱ ይውጣ» አለች።