የጉም ጌታ ነኝ ያለው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ኮረብቶች በከበቡት ረግረጋማ ሜዳ አንዲት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር ትኖር ነበር። የሜዳው ጌታ ጅብ ነበር፤ የለም፣ ይታረም፤ ጌታ ነኝ ባይ ጅብ ነበር። ጉም በወረደ ማለዳ ሁሉ፣ «ይህ የእኔ እስትንፋስ ነው! ካልገበራችሁልኝ ፀሐይን ለዘላለም እጋርዳታለሁ!» እያለ ከእንስሳቱ አንድ ልጅ ወስዶ ይበላ ነበር።

አንድ ቀን ቀበሮ የጅቡን መልእክት ይዛ መጣች። «እመት አህያ፣ በሚቀጥለው ጉም ተራው የውርንጭላሽ ነው።»

 አህያዋ ግን በዚያ ሜዳ ስትግጥ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ጉም የሚወርደው መቼ መቼ እንደሆነ ልብ ብላ ነበርና፣ በቀጥታ ወደ ዳኛው ወደ አንበሳ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ጉሙ የአያ ጅቦ አይደለም። ከተረታሁ ከልጄ ጋር እኔንም ይብላኝ፤ ከተረታ ግን አገር ይልቀቅ።»

ተጠርቶ የመጣው ጅብ ሁለት አህያ መባሉን ሲሰማ ምራቁን ዋጠ። «ተስማምቻለሁ!»

ቀበሮ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ «አያ ጅቦ፣ ትንሽ አስብበት እንጂ» ብትለው፣ «ምኑን አስባለሁ? ሥጋ ነው እኮ!» አላት።

በዚያ ቀን አመሻሽ ሰማዩ ደመና ለብሶ ነፋስ ይነፍስ ነበር። አህያዋ ቀና ብላ አየችና፣ «እንግዲያው ነገ ማለዳ ጉም ያውጣ» አለች። ጎህ ሲቀድ ጅቡ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ሆዱ ከጀርባው እስኪጣበቅ ተነፈሰ። ከአፉ የወጣው ሳል ብቻ ነበር።

«ጉንፋን ይዞኝ ነው!» አለ። አንበሳውም ሌላ ቀን ፈቀደለት።

ከሦስት ቀን በኋላ ቀትር ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ሲመሽ ሰማዩ ጥርት አለ፤ አንዲት ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። አህያዋ በረጠበው ሣር ላይ ቆማ የመሬቱ ቅዝቃዜ በሰኮናዋ ሲዘልቅ ተሰማት።

«ጌታዬ፣ ነገ ጉም ይወርዳል። የአያ ጅቦ አፍ ይታሰርልኝ» አለች። የጅቡ አፍም በሐረግ ተጠፍሮ ታሰረ።

ሲነጋ ሜዳው በነጭ ጉም ተሞልቶ ኮረብቶቹ ደሴት መሰሉ። ጉሙ ጭስ ይመስል ነበር ማለት ይቻላል፤ ግን ትክክል አይሆንም፤ ጭስ ፊትን አያረጥብምና።

«እንዴት ዐወቅሽ?» አለ አንበሳው ተደንቆ።

«ጌታዬ፣ ደመና ሲኖር እንደ ጋቢ ሆኖ የምድርን ሙቀት ይይዛል። ሰማዩ ሲጠራ ግን ሙቀቱ ወደ ላይ ያመልጣል፤ ምድርም ትቀዘቅዛለች። በላይዋ ያለው እርጥብ አየር አብሯት ሲቀዘቅዝ፣ በውስጡ ያለው እንፋሎት ጥቃቅን የውኃ ጠብታ ይሆናል። ኃይለኛ ነፋስ ካልበተነው፣ ያው ጉም ነው።»

ቀበሮ ወዲያው ወገን ቀየረች። «አያ ጅቦ፣ መልስ ስጥ እንጂ! ምነው ዝም አልክ?»

«እምም!» አለ ጅቡ።

እንስሳቱ ሜዳውን በሳቅና በእልልታ አናጉት። ጅቡ አፉ እንደታሰረ፣ ጭራውን ቆልፎ ከኮረብታው ማዶ ተሰወረ። ውርንጭላዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ጉሙ ውስጥ እየዘለለች ስትገባና ስትወጣ፣ እናቷ አንገቷን ቀና አድርጋ አገር እስኪሰማ አናፋች።

ከዚህ የምንማረው፣ ተፈጥሮ በራሷ ሥርዓት የምትሠራውን የእኔ ኃይል ነው እያለ የሚያስፈራራንን፣ ልብ ብሎ የተመለከተና ያስተዋለውን በአደባባይ ለመናገር የደፈረ አንድ ሰው ሊረታው እንደሚችል ነው።