አህያ የቆፈረችው ውሃ

አንድ ጊዜ በቆላ አገር ዝናብ ጠፋ። ወንዙ ደርቆ አሸዋው ብቻ ቀረ፤ የግራሩም ቅጠል ረገፈ። አንበሳ አራዊቱን ሁሉ ከወንዙ ዳር ሰበሰበና፣ «እስኪዘንብ ድረስ ማንም ማንንም እንዳይበላ!» ብሎ አወጀ። ከዚያም ሁሉም ፊታቸውን ወደ ሰማይ አዙረው፣ «ያ ረብ፣ አጠጣን!» ሲሉ ዱዓ አደረጉ፤ «አሚን» ተባባሉ።

ዱዓው እንዳለቀ አህያ ወደ ወንዙ ወርዳ አሸዋውን በኮቴዋ ትዝቅ ጀመር። ከወለደች ገና ብዙ አልቆየችም። ጡቷ ደርቆ፣ ውርንጭላዋ ከግራሩ ሥር ተጋድሞ መነሳት አቅቶት ነበር።

ጅብ ይህን አይቶ ሳቀባት። «ምነው እመት አህያ! ገና ለምነን ሳናበቃ ቁፋሮ? አላህን አላመንሽውም ማለት ነው?»

«አምኜዋለሁ እንጂ፣ አያ ጅቦ። ባላምነውማ ከዚህ ደረቅ አሸዋ ምን እፈልጋለሁ?»

«እኔስ ተወኩል አድርጌያለሁ» አለ ጅብ በጀርባው እየተንጋለለ። «በአላህ የተመካ አይለፋም። ሪዝቄ፣ የተጻፈልኝ ሲሳይ ከሆነ፣ አፌ ድረስ ይመጣል።»

ቀበሮ ከጎኑ ቁጢጥ አለ። «እውነትህን ነው አያ ጅቦ! እንዳንተ ያለ ኢማን ከየት ይገኛል? እንዲያውም አፍህን ሰፋ አድርገህ ክፈት፤ ዝናቡ ሲመጣ እንዳይስትህ» አለው። በልቡ ግን፣ «ውሃ ከተገኘ አንድ ትልቅ አፍ ተቀነሰልን» ይል ነበር።

ጅብ አፉን በረገደው።

አንበሳ ደግሞ አህያ ስትቆፍር ማየቱ አላስቻለውም። «ዞር በይ! ይህ የክንድ ሥራ ነው» ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። አሸዋውን በመዳፉ እየበረቀሰ ወደ ታች ወረደ፤ ከሥሩ ግን ድፍን አለት ወጣ። ጥፍሩ ተሰበረ። «እኔ ቆፍሬ ያጣሁትን ማንም አያገኘውም!» ብሎ አገሳና ወደ ዋሻው ሄደ።

አህያ ልጇን ዞራ አየችው። ዓይኑን እንኳ መግለጥ ተስኖታል። 

«በቃሽ» አላት ቀበሮ። «አንበሳን ያቃተው ለአንቺ ሊሆንልሽ ነው? ኮቴሽም ደምቷል።»

«መቆፈሩ የእኔ ነው፤ ማውጣቱ የአላህ ነው» አለች አህያ። «የት እንዳስቀመጠው አልነገረኝም። ከዚህ ካጣሁት ከዚያ እፈልገዋለሁ።»

አሸዋውን እያሸተተች ወንዙ ወደሚታጠፍበት ሄደች። «ቢስሚላህ» ብላ እንደገና ጀመረች። አሸዋው እየተናደ ይመለስባታል፤ እሷም መልሳ ትዝቀዋለች። ጀርባዋ ላብ በላብ ሆነ። ትንሽ ቆማ ተነፈሰችና ቀጠለች። ኋላ ነጩ አሸዋ ጠቆረ፤ ከኮቴዋ ሥር ቀዝቀዝ አለ። ቀበሮ የእርጥበቱ ሽታ ሲደርሰው ዘሎ ገባና አብሯት ይዝቅ ጀመር፤ ጥቅሙን ያውቃላ!

ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ውሃ አቆረ።

አህያ ሳትጠጣ ወደ ልጇ ሮጠች። «ተነሳ ልጄ፣ አላህ ሰጥቶናል!» እያለች በአፍንጫዋ ገፋችው። ውርንጭላው በጉልበቱ እየዳኸ ደረሰና አፉን ከውሃው ነከረ። እናቱ፣ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ከዚያ በኋላ ጠጣች። አንበሳም አንገቱን ደፍቶ መጣና ከሁሉ ኋላ ተሰለፈ።

ጅብ ግን አሁንም እንደተንጋለለ ነው። አፉ አቧራና ዝንብ ሞልቶታል።

«አያ ጅቦ፣ ውሃ ወጥቷል፤ ናና ጠጣ!» ብላ አህያ ተጣራች።

«ወደዚህ አምጡልኛ! ተወኩሌን ላፈርስ ነው?»

«አላህ ውሃውን ሰፈርህ ድረስ አምጥቶልሃል። እግሩንም የሰጠህ እሱ ነው። ከአንተ የቀረው መነሳት ነው።»

ጅብ ጥሙ ቢጠናበት እየተንገዳገደ መጣ። ሲደርስ የጉድጓዱ ጠርዝ ተንዶ ውሃው በአሸዋ ተሸፍኗል። «ወየው! አሁንስ ምን ይሻለኛል?» ብሎ ጮኸ።

«ቆፍራ!» አሉት ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ጅብ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ አሸዋውን አየ። ከዚያ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «ቢስሚላህ» ብሎ ጥፍሩን ከአሸዋው ውስጥ ከተተ።

ከዚህ የምንማረው ልብ በአላህ ሲመካ እጅና እግር ከሥራ እንደማይቦዝኑ ነው።