ለፍቅርተ የተጠቀለለው ጉርሻ

የእመቤታችን ወዳጆች ሆይ፥ ልባችሁን ሰብስቡና አምላክን የወለደች ድንግል ለወለተ ሐና ያደረገችላትን ስሙ። ይህች ሴት ውዳሴ ማርያም ሳትደግም እህል የማትቀምስ፥ ወር በገባ በሃያ አንድ ቀን በስሟ የምትዘክር ነበረች። የስድስት ዓመት ልጅም ነበረቻት፥ ስሟም ፍቅርተ ነው፤ ሕፃኒቱም ጎመንና ድንች በልታ ስትውል ደኅና ናት፥ ወተት ወይም ሥጋ የቀመሰች ዕለት ግን ታስመልሳለች፥ ትፈዝዛለች፥ ከዚያም እናቷን እስከማታውቅ ድረስ ትደነዝዛለች። ታላቅ ወንድሟም በዚሁ ደዌ በፋሲካ ማግስት ሞቷል።

እናቲቱም ይህን በዓይኗ አይታ፥ ልጄን ወተትና ሥጋ አታብሉብኝ ብላ ብትለምን ማን ይስማት! አንዱ ቡዳ በልቷት ነው ይላል፥ ሌላው የእናቲቱ ኃጢአት ነው ይላል፥ ጎረቤቶቿም ከስስቷ የተነሣ ልጇን በጎመን ትቀጣለች ብለው አሟት፤ ባሏም ሐሜቱ ቢመረው ከሰው ሸሽቶ እርሻው ላይ መዋል አበዛ። አማቷ እመት ይመኙሻል ደግሞ ምራታቸው ውኃ ልትቀዳ ዞር ባለች ቁጥር ሕፃኒቱን ያጎርሷታል፤ ተው ሲባሉም ጉርሻና ፍቅር ካላስጨነቀ አያምርም ይላሉ። ሕፃኒቱ የወደቀች ዕለት ግን ከአጉራሾቹ አንድ አይገኝም፥ የምታስታምም እናቷ ብቻ ናት። ወይ ፍቅር!

የአስተርእዮ ማርያም ዕለትም እመት ይመኙሻል ድግስ ደግሰው ጠሩ፥ መቅረትም ነውር ነውና ወለተ ሐና ከመሄዷ በፊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆመችና እንዲህ አለች፦ «እመቤቴ፥ ደከመኝ። በሽታውንስ ልቻለው፥ ሰውን ግን አልቻልሁም። አንቺም እናት ነሽ፤ ዛሬ እንኳ አንድ ሰው ይመነኝ።»

በማዕዱም ላይ እመት ይመኙሻል ሥጋውን በእንጀራ ጠቀለሉና በሞቴ እያሉ ወደ ሕፃኒቱ አፍ ሰነዘሩ፤ እናቲቱም ልትከለክል ብትነሣ ዘመድ ሁሉ ነውር ነው ብሎ ያዛት። ያን ጊዜ በእንግዶቹ መካከል የተቀመጠች፥ ማንም የማያውቃት ነጭ የለበሰች ሴት ተነሣችና የአማቲቱን እጅ ያዘች።

«ይህች ልጅ በዚህ ጉርሻ ትሞታለች። ወንድሟን በፋሲካ ተደብቀሽ ያጎረስሽው አንቺ አይደለሽምን?»

ይህንንም ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረምና እመት ይመኙሻል በጉልበታቸው ወደቁ፥ በሰውም ፊት እኔ ነኝ ብለው አለቀሱ። ሴቲቱም ጉርሻውን ከእጃቸው ተቀብላ ወደ ወለተ ሐና ዞረችና፦ «አንቺንስ ማን አጉርሶሽ ያውቃል?» ብላ በገዛ እጇ አጎረሰቻት። ልጂቱ ከተወለደች ጀምሮ በላሽ ወይ ብሎ የጠየቃት አልነበረምና ወለተ ሐና እያለቀሰች ዋጠች። ከዚያም እንግዳይቱን በክብር ሊያስቀምጡ ቢፈልጓት አጧት፤ ደጁ እንደተዘጋ ነበርና እመቤታችን እንደ ሆነች አውቀው ሰገዱ።

ደዌውስ ከሕፃኒቱ አልወጣም፤ ነገር ግን የሚያጎርሳት ጠፍቶ በጎመኗ አደገች፥ እናቷም አምላክን ከነእናቱ አመሰገነች። እኛንም ያልታመመ ምላሳችንን ከታመመ ልጅ እናት እንድንከለክል በአማላጅነቷ ትርዳን፥ የደከማትን ሴት በላሽ ወይ የምንልበትን ልብ ትስጠን፥ በረከቷም በሰማነው በሁላችን ላይ ይደር፤ አሜን።