ዝንብ ያከለችው እርግብ

እርግቧ ዝንብ ልታክል ትንሽ ሲቀራት ነው የደረስከው፤ በርጩማዋን ሳብና ቁጭ በል።

«ጎትተህ አሳንሳት!» ይላል ጋሽ ቸርነት፣ ከጌጡ ጀርባ ቆሞ ጣቱን ኮምፒዩተሩ ላይ ወደተሳለችው እርግብ እየቀሰረ።

«ጋሼ፣ እርግቧን ባሳንሳትም ስፌቷ እኮ አይቀንስም» ይላል የጥልፍ ማሽኑ ላይ የሚሠራው ጌጡ። «ሰፊው ላይ የሚበተነው ክር ሁሉ ጠባቡ ላይ ይከመራል። ጨርቁ ጣውላ ነው የሚሆነው።»

«አንተ ደሞ መቼ ነው እርግብ ያረባኸው? አሳንሳት አልኩህ!»

ጋሽ ቸርነት የጥልፍ ቤቱ ባለቤት ነው። ስሙን ያወጡለት አባቱ ቀልደኛ ሳይሆኑ አልቀሩም፤ ሰውየው ሳቅ እንኳ ለዓመት በዓል ነው የሚቆጥበው። አንድ ቀን የማሽኑ ትልቁ ቀለበት፣ ያ ጨርቁን ወጥሮ የሚይዘው፣ ወድቆ ተሰነጠቀ። ገበያ ወጣና በምትኩ የሻይ ሰሃን የምታክል ይዞ ተመለሰ። «ያው ክብ ናት» አለ። ክብነቷን ማን ካደ!

እትዬ ፀዳለ ደግሞ ለልጃቸው ሰርግ ጥጥ የገባበት የአልጋ ልብስ አዘዋል። በየቁራጩ ጨርቅ ላይ አፍ ለአፍ የገጠሙ ሁለት እርግቦች፣ ያውም ክንፋቸውን የዘረጉ። ሰርጉ እሁድ ነው። ጌጡ ሥራው ከተበላሸ ማን እንደሚባረር ያውቃል፤ ከሱ በፊት የነበረው ሠራተኛ የወጣው መርፌ ሰበርክ ተብሎ ነው።

ምን ያድርግ፣ ትንሿ ቀለበት ውስጥ እንድትገባ አሳነሳት።

ማሽኑ ያችኑ አንድ ቦታ እየደጋገመ ወጋ። ክሩ ተበጠሰ፣ ተቀጠለ፣ ደግሞ ተበጠሰ። መርፌውም ተሰበረ፤ ጋሽ ቸርነት ለመርፌው ልቅሶ ሊቀመጥ ምንም አልቀረው። ያለቀውን ቁራጭ ግን ማየት ነበረብህ፤ ያለ ደጋፊ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

እትዬ ፀዳለ መጡ። ቁራጩን አነሱ፣ አገላበጡ፣ በጣታቸው አንኳኩት።

«ቤቶች!» አሉ።



«ደሞ እነዚህ ዝንቦች ምንድን ናቸው? ሙሽሮቹን ማር ቀብቼ ነው እንዴ የማስተኛቸው?»

ጋሽ ቸርነት ወዲያው ጌጡ ላይ ዞረ። «ይሄ ነው ያበላሸው! ስንቴ ነገርኩት፣ መች ይሰማል! በል ዕቃህን ሰብስብና ውጣልኝ!»

ጌጡ ተነሳ። ዕቃውን ሊሰበስብ መስሎን ነበር። እሱ እቴ! እትዬ ፀዳለ ፊት ሄዶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«እትዬ፣ የልጅዎ ቀለበት ተገዝቷል?»

«ተገዝቷል፤ ምነው?»

«እሁድ ቀለበቱ ጠቦ ጣቷ ላይ አልገባም ቢልስ? ምን ያደርጋሉ?»

«አሰፋዋለሁ! ካልሆነም ሌላ ይገዛል እንጂ፣ ሌላ ምን ይደረጋል ልጄ?»

«እንግዲያው እትዬ፣ አደራ ጋሼን እንዳያማክሩ። እኛ ቤት ቀለበት ሲጠብ የሚቆረጠው ጣት ነው!»

እትዬ ፀዳለ ሳያውቁት የራሳቸውን ጣት ጨበጡ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን የሻይ ሰሃን የምታክል ቀለበት አየት፣ ጋሽ ቸርነትን አየት አደረጉ።

«ቸርነት፣ ይሄ ልጅ የትም አይሄድም። እርግቤን በእርግብነቷ ካላስረከብከኝ ሰርጉ ላይ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ዝንቦችህን እያሳየሁ ነው የምውለው!» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ጋሽ ቸርነት ላቡን ጠረገ። የተሰነጠቀውን ቀለበት አየው፣ ትንሿን አያት፣ የራሱን ኪስ ዳበሰ፤ አቤት እንዴት እንዳመመው! ከዚያ ወደ ጌጡ ጆሮ ጠጋ አለና፣

«ትልቁን ቀለበት ዛሬውኑ እገዛለሁ» አለው። «አንተ ግን ነገ ስትመጣ፣ ምላስህን በትንሿ ልክ አሳንሰህ ና!»